ለማታውቁት ሰው ደግ መሆን፦ ከታክሲ ወረፋ እስከ ሆስፒታል በር

ለምናውቀው ሰው ደግነት ላይ እኛን ማን ብሎን! ልቅሶ ሲሆን ድንኳን እንተክላለን፣ አራስ ስትኖር ገንፎ ይዘን እንሄዳለን፣ እድርተኛ ሲሞት ከሥራ ቀርተን እንቀብራለን። ጽዋ ማኅበሩ አለ፣ ሰንበቴው አለ፣ ጎረቤቱ አለ። ነገሩ የሚበላሸው ከእነዚህ ሁሉ ውጪ ያለው ሰው ጋ ስንደርስ ነው። ስሙን የማናውቀው፣ ሰፈሩን ያልጠየቅነው፣ ታክሲ ውስጥ ጉልበቱ ጉልበታችንን እየነካ የተቀመጠው ሰው ጋ። ጌታ ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ተርቤ፣ ተጠምቼ፣ ታርዤ ካለው ጋር እንግዳ ሆኜ የሚለውንም አብሮ አስገብቶታል።

ይህ መመሪያ የአዲስ አበባን ኑሮ ይዞ የተጻፈ ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁ እንደ አካባቢያችሁ አስተካክሉት። ድርጅት ማቋቋም፣ ገንዘብ ማሰባሰብ የሚባል ነገር የለበትም። አንድ ነገር ብቻ ከአሁኑ ያዙልኝ፤ ሰውን አሳፍሮ መርዳት ካለመርዳት ብዙም አይሻልም። ስለዚህ እዚህ የማወራው ምን ያህል እንስጥ ስለሚለው ሳይሆን እንዴት እንስጥ ስለሚለው ነው።

1. ከቤት ሳትወጡ ተዘጋጁ

ብዙ ጊዜ ደግነት የሚያመልጠን ክፉ ሆነን አይደለም። ቸኩለን ነው፣ ኪሳችን ውስጥ ደግሞ ዝርዝር የለም። ሁሉ ነገር በቴሌብር ከሆነ ወዲህ ጥሬ ብር ይዞ የሚዞር ሰው ቀንሷል፤ መንገድ ዳር የተቀመጡት እናት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቴሌብር የላቸውም። ስለዚህ ማታ ላይ ጥቂት ዝርዝር ብር ከቦርሳችሁ አውጡና ለብቻው በአንድ ኪስ አስቀምጡ። ለብቻው የምላችሁ በምክንያት ነው። መንገድ ላይ ቦርሳ ከፍቶ ድፍን ብሮችን እያገላበጡ ትንሿን ኖት መፈለግ ለሰጪውም ለተቀባዩም ሼም ነው፣ ለሌባም መጋበዣ ነው።

ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ያልበላችሁትን ቁርስ ሂሳብ እዚያው ኪስ ጨምሩት። ኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ምን እንደሆነ ሲነገር ለተራበ እንጀራን መቁረስ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነው፤ ጾመን ያተረፍነውን ገንዘብ ማታ በሽሮና በበያይነቱ ላይ እጥፍ አድርገን ካወጣነው ምኑ ላይ ነው ጾሙ?

ሌላው ዝግጅት ሰዓት ነው። አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ። የቸኮለ ሰው መንገድ የጠፋበትን ሰው ቆሞ አይሰማም።

2. ሰላምታ

ይሄኛው አጭር ነው። የሕንፃውን ጥበቃ፣ መንገድ የምትጠርገውን ሴት፣ ሊስትሮውን፣ ጉልት የተቀመጡትን እናት «እንደምን አደሩ» ብላችሁ እለፉ። ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር» ብሎ መነሣት ያደግንበት ነገር ነው፤ ባንክ ቤት ወንበር ላይ ስንቀመጥ ግን ስልካችን ላይ አቀርቅረን ሽማግሌው ቆመው ይቀራሉ። ተነሡ። አንቱ በሉ። ጎዳና ላይ ያሉ አዛውንትም አንቱ ናቸው፤ ልብሳቸው ስለተቀደደ ወደ አንተ አይወርዱም።

3. ታክሲ ውስጥ

ለደግነት እንደ ታክሲ የሚመች ቦታ የለም። ሁሉም ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ የሚጠፋው ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ከዚያ በኋላ ሁለታችሁም ትለያያላችሁ።

ረዳቱ «ሂሳብ» ሲል አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው ሳንቲም ይቆጥራሉ እንበል። ይቆጥራሉ፣ እንደገና ይቆጥራሉ። ጎድሏቸዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ «እኔ እከፍልላቸዋለሁ!» ብሎ ታክሲው ሙሉ እንዲሰማ መናገር አያስፈልግም። የራሳችሁን ስትሰጡ ዝቅ ባለ ድምፅ «የእናትንም ከዚህ ቁረጥ» በሉት፤ አለቀ። «ተዪ ልጄ አለኝ» ቢሉ እንደ ልጃቸው «ዛሬ እኔ፣ ሌላ ቀን እርስዎ» ብላችሁ በሳቅ እለፉት። የታክሲ ሂሳብ መገባበዝ በእኛ ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ይሄ ምጽዋት አይመስልም፤ ጥቅሙም እሱ ነው።

ማዳበሪያ ወይም ዘንቢል የያዘ ሰው ሲሳፈር ዕቃውን ተቀበሉ። እግሩን የሚያመው ሰው ካለ ጋቢናውን ልቀቁ። ሕፃን ያዘለች ሴት ስትወርድ ልጁን ከመያዝ ይልቅ ቦርሳዋን ያዙላት፤ ልጇን ለማታውቀው ሰው እንድትሰጥ ማስጨነቅ አያስፈልግም።

ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው ወዲያው ይታወቃል። በየፌርማታው «ሜክሲኮ ደረስን?» ይላል፣ በእጁ ስልክ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ይዟል። አዲስ አበባ ደግሞ መንገድ በስም አይነገርባትም፤ «ከፋርማሲው ጎን፣ ወረድ ብሎ፣ ቢጫው ሕንፃ ጋ» ነው አድራሻችን። ለእንግዳ ሰው ይሄ እንቆቅልሽ ነው። እንዲህ አድርጉ፦ ወረቀቷ ላይ ያለውን ቁጥር በራሳችሁ ስልክ ደውሉና ከሚቀበለው ሰው ጋር አገናኙት። ጊዜ ካላችሁ አብራችሁ ውረዱ። ከሌላችሁ እዚያው ለሚወርድ ሰው አደራ ስጡ፤ አደራ የተባለ ሰው ጥሎ መሄድ ይከብደዋል። የማታውቁት ቦታ ከሆነ «አላውቀውም» በሉ። ሳናውቅ በእጃችን ወደ አንድ አቅጣጫ የመጠቆም አመላችን ስንቱን ሰው ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በከንቱ አስኬዶታል!

ስልክ ማዋስን በተመለከተ፦ ቁጥሩን ራሳችሁ ምቱ፣ ድምፁን ከፍ አድርጉና በእጃችሁ እንደያዛችሁ ያውራ። ደግነትና ሞኝነት አንድ አይደሉም።

4. ምግብ ስትሰጡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

ምግብ ቤት ገብታችሁ ለሰው ልታካፍሉ ካሰባችሁ ከመብላታችሁ በፊት አካፍሉ። ትሪው ሲቀርብ ግማሹ ለብቻው ይጠቅለል። የተጎረሰበት፣ የተላሰበት፣ ወጡ የተቀላቀለ ፍርፋሪ በፌስታል አንጠልጥሎ «ይኸው ብላ» ማለት ለአብርሃም ልጆች አይመጥንም። ከምግብ ቤት የተሰበሰበ ትርፍራፊ ቡሌ ተብሎ እየተሸጠ የሚበላባት ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ያን የሚበላ ሰው አንድ ቀን እጅ ያልነካው ትኩስ እንጀራ ቢያገኝ ልዩነቱን ያውቀዋል። አብርሃም ራሱ በዘፍጥረት 18 ለእንግዶቹ ሲናገር ቁራሽ እንጀራ ነው ያለው፤ ሲያቀርብ ግን ለስላሳ ጥጃ አርዶ ነው። አፉ ትንሽ፣ እጁ ትልቅ። ብዙዎቻችን ተገላቢጦሽ ነን።

ቀጥሎ ምን ዓይነት ምግብ የሚለው ይመጣል። የምትሰጡትን ሰው ሃይማኖት አታውቁም። ረቡዕ ቀን ለጾመኛ አዛውንት እንቁላል ሳንድዊች ብትሰጡ ወይ ይዘውት ይቀመጣሉ ወይ ለሌላ ይሰጡታል። ሙስሊም ወንድማችሁ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ አይበላም። መፍትሔው የጾም ምግብ ነው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ዳቦ። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም ይበላዋል። በረመዳን ቀን ከሆነ ደግሞ የሚቆይ ነገር ጠቅልላችሁ ለማፍጠሪያ ስጡት። ክርስቲያናዊ ደግነት ለክርስቲያን ብቻ የሚደረግ የሚመስለው ካለ ሉቃስ 10ን ይመልከት፤ በዚያ ታሪክ ካህኑም ሌዋዊውም አልፈው ሄደዋል፣ ቁስሉን የጠገነው ሳምራዊ ነው።

ጥርስ ለሌላቸው አረጋውያን ደረቅ ዳቦ አትስጡ፤ ለስላሳ ነገር፣ ሙዝ፣ ፍትፍት ፈልጉ። የእጅ መታጠቢያ ውኃም ያስፈልጋል። በላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይዛችሁ እጃቸው ላይ ብታፈስሱላቸው ምግቡን የጋበዛችኋቸው ያህል ይሰማቸዋል። በሁለት እጅ ስጡ። ከመኪና መስኮት አትወርውሩ፣ ምንም ብትቸኩሉ።

ደጀ ሰላም ላይ ዝክር ወይም ዳቦ የምታድሉ ከሆነ ከኋላ ጀምሩ። ፊት የሚሰለፈው የበረታው ነው፤ ዐይነ ስውሩ፣ በሽተኛው፣ ሕፃን የታቀፈችው ኋላ ናቸው፣ ዳቦው ደግሞ እነሱ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ቀኑንም አስቡበት። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ሁሉም ሰው ይሰጣል፤ አንዳንዱ ነዳይ ያን ቀን ዳቦው ተርፎት ያድራል። በመሐል ያሉት ቀናት ግን ደረቅ ናቸው። ስእለት ከሌለባችሁ በዓል ባልሆነ ማክሰኞ ብትሄዱ የእናንተ ሁለት ዳቦ የበዓሉን ሃያ ዳቦ ይበልጣል።

5. ምንም የሌላችሁ ቀን

ይሄ ለሁላችንም ይመጣል፤ በተለይ ወሩ መጨረሻ ላይ። ሰውዬው «ስለ ማርያም» ሲል ፊታችሁን አታዙሩ፣ ስልክ የምታወሩ አትምሰሉ። አይታችሁት «እግዜር ይስጥልኝ» በሉ፤ ይገባዋል። «ጉልበት አለህ፣ ለምን አትሠራም?» የሚለውን ስብከት ግን ለራሳችሁ ያዙት። ሥራ ካላችሁ ስጡት፣ ከሌላችሁ ዝም በሉ።

የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዕለት የበላዔ ሰብእ ታሪክ ሲነገር ሰምታችኋል። ያ ሁሉ ሰው የበላ ሰው የዳነው በሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። ያውም ለለምጻም፣ ያውም መጀመሪያ እምቢ ብሎ፣ በእመቤታችን ስም ሲለመን ነው እሺ ያለው። ፕሮቴስታንት የሆናችሁ ታሪኩን ባትቀበሉትም ማቴዎስ 10 ላይ ስለ ቀዝቃዛ ውኃ ጽዋ የተባለውን ታውቁታላችሁ። ውኃ ደግሞ ቤታችሁ አለ፤ ቧንቧው በፈረቃ ቢመጣም በጀሪካን አይጠፋም። በራችሁን ለሚያንኳኳ ቆሻሻ ሰብሳቢ፣ ለፖስተኛ፣ ለቆራሌው በንጹሕ ብርጭቆ ስጡት። ለእሱ ተብሎ የተቀመጠ የተሰባበረ ጣሳ አይሁን፤ እናንተ በምትጠጡበት።

«እያታለሉኝ ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም አለ። አዎ፣ የሚያታልል አለ። የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ዓመቱን ሙሉ የሚዞር አለ። ለዚህ መላው ቀላል ነው፦ ብር ከመስጠት አጠገባችሁ ያለ ፋርማሲ አብራችሁ ገብታችሁ መድኃኒቱን ግዙ። ወደ አገሬ መሄጃ አጣሁ ካለ ትኬቱን ቁረጡለት። ካልተስማማ ሳትሰድቡት ሂዱ። እንዳትታለሉ ብላችሁ ለማንም መስጠት ካቆማችሁ ግን ሂሳቡን የምትዘጉት ባላታለለው ሰው ላይ ነው።

6. ሆስፒታል በር

ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ሆስፒታል ግቢ ማለዳ ብትገቡ ጋቢ ለብሰው አጥር ጥግ የተቀመጡ ሰዎች ታያላችሁ። ታማሚ አይደሉም፤ አስታማሚ ናቸው። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከባሌ ሕመምተኛ ይዘው መጥተው ገንዘባቸው አልቆ እዚያው የሚያድሩ። ለሕመምተኛው ሰው ምግብ ያመጣለታል፣ አስታማሚውን ግን ማንም አያየውም። ትኩስ ሻይ በፔርሙዝና ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያም በላይ የሚያስፈልጋቸው የሚያነብላቸው ሰው ነው፦ ካርድ የሚወጣው የት ነው፣ ይህ ወረቀት ላቦራቶሪ ነው ወይስ ራጅ፣ ስንት ቁጥር መስኮት ነው። እናንተ በሁለት ደቂቃ የምታውቁት ነገር ለእነሱ ግማሽ ቀን ነው። ቋንቋ ካልተግባባችሁ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚችል ሰው ከወረፋው ውስጥ ጠይቁ፤ አይጠፋም።

ደም መስጠትም እዚህ ይገባል። ጨርሶ ለማታውቁት ሰው የሚደረግ ነገር ካለ እሱ ነው፤ ማን እንደወሰደው በፍጹም አታውቁም፣ እሱም አያውቃችሁም። ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65 ከሆነ፣ ክብደታችሁ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጤነኛ ከሆናችሁ በየ3 ወሩ መስጠት ትችላላችሁ። ቁርስ በልታችሁ ሂዱ።

7. ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አስፋልት ላይ ሲወድቅ የምናደርገውን ታውቁታላችሁ። ግማሹ ይሸሻል፣ ግማሹ ይከብባል፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይይዛል። ክብሪቱን ተዉት፤ ፊቱን ከማቃጠል በቀር የሚሠራው ነገር የለም። በሽታው በለሃጭም በትንፋሽም አይተላለፍም፣ ስለዚህ ተጠጉ።

አጠገቡ ያለውን ድንጋይና ስለታም ነገር አርቁ። ነጠላ ወይም ጃኬት አጥፋችሁ ከራሱ ሥር አድርጉ። የአንገት ቁልፉን ፍቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያም፣ ጣትም፣ እንጨትም አትክተቱ፤ እጅና እግሩን በጉልበት አትያዙ። መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። ሰዓት ተመልከቱ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ከተጎዳ አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀል 907 ነው፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። ሙሉ በሙሉ እስኪነቃ ውኃ አታጠጡት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሰውየው ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው የተሰበሰበውን ሕዝብ ነው፤ ሱሪው ረጥቦ ሊሆን ይችላል። ሕዝቡን በትኑ። ወገቡ ላይ ሹራብ ወይም ነጠላ ጣል አድርጉለት። ጫማው ወልቆ ከሆነ አንሡለት። የት እንዳለ ንገሩት፣ ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቁት፣ ብቻውን እንዳይሻገር ታክሲ ድረስ ሸኙት።

ዐይነ ስውርን ስታሻግሩም ክንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ። «ላሻግርዎ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ክንዳችሁን ስጡ፣ እሱ ይያዛችሁ። ሳትጠይቁ አሻግራችሁ ወደማይፈልጉት ማዶ ያደረሳችኋቸው እናት ካሉ እግዜር ይቅር ይበላችሁ።

8. ልጆችና መናኸሪያ

አውቶቡስ ተራ ወይም ላምበረት ከክፍለ ሀገር ገና የወረደች ልጅ ግራ ገብቷት ቆማ ታያላችሁ፣ ሁለት ደላላ አጠገቧ ቆሞ ሥራ አለ ይላታል። ቀስ ብላችሁ ተጠጉ። ሴት ከሆናችሁ የተሻለ ነው፤ ወንድ ከሆናችሁ ሻይ ቤት ያለች አንዲት እናት አስከትላችሁ ሂዱ። ዘመድ አለሽ ወይ፣ ደውዪ በሉና ስልክ ስጧት። ደላላው ካልለቀቃት ጣቢያው ውስጥ ያለ ፖሊስ ጥሩ ወይም 991 ደውሉ። ወደ ቤታችሁ ግን አትውሰዷት፤ ለእናንተም ለእሷም አያዋጣም። የጠፋ ሕፃን ስታገኙም እንደዚሁ ነው፣ እዚያው ሰፈር ጥቂት ቆዩ፣ ወላጅ ካልመጣ ወደ ቅርብ ፖሊስ ጣቢያ።

ወላጅ አልባ ሕፃናትን በማሳደግ የሚታወቁት የክብር ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ሄደው ረሃብ የጣለውን ሕዝብ ሲያዩ የያዙትን ዳቦና ጠበል አካፍለው፣ ሁለት ሕፃናት ይዘው ነው አዲስ አበባ የተመለሱት። ያ ሌላ ዘመን ነው፣ እሳቸውም ሌላ ሰው ነበሩ፤ ዛሬ ልጅ ማሳደግ የምትፈልጉ ሕጉን ተከትላችሁ በሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ በኩል ሂዱ። ከእሳቸው የምትወስዱት ግን በእጅ ባለው መጀመርን ነው።

9. ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ

ለተራበ ሰው ሃምበርገር ሰጥቶ እያለቀሰ ሲበላ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ የተለመደ ነገር ሆኗል። ሌላውም ሰው እንዲነሳሳ ነው ይባላል። ይሁን፤ ግን ሰውዬው ነገ ልጁ ያየው እንደሆነስ? ማቴዎስ 6 ላይ ቀኝ እጅህ የሚያደርገውን ግራህ አትወቅ ተብሎ ተጽፏል። ስልኩ በግራ እጅ ነው የሚያዘው።

እንደዚሁ ዳቦውን የስብከት ዋጋ አታድርጉት። ሰው እየበላ «ጌታን ተቀብለሃል?»፣ «ትቆርባለህ?» እያሉ መመርመር ምግቡን ያስመርራል። እሱ ራሱ ከጠየቃችሁ ንገሩት። ካልጠየቃችሁ እስኪጠግብ ተዉት።

10. ምርቃቱን ተቀበሉ

የረዳችኋቸው አዛውንት ሲመርቋችሁ እየሄዳችሁ አትስሙ። ቆም በሉ፣ ዝቅ በሉ፣ «አሜን» በሉ። እሳቸውም የሚሰጡት ያ ነው፤ አልፈልግም ብሎ መሄድ የቀረበላችሁን መግፋት ነው። ኦርቶዶክሳዊ ከሆኑና ከተግባባችሁ «ክርስትና ስምዎን ማን ልበል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ማታ ስትጸልዩ በስማቸው አስቧቸው፤ የእናንተንም ንገሯቸው፣ እሳቸውም ያስቧችሁ። ስሙን መናገር የማይፈልግም ይኖራል። አታስጨንቁት፣ ደኅና ይዋሉ ብላችሁ ወደ ጉዳያችሁ ሂዱ።